ጉትቻዋን ያዞርኩባቸው ጠዋቶች

ሰኞ 4

ይህን ደብተር የገዛሁት ለጥገና የሚመጡ ሰዓቶችን ልጽፍበት ነበር። ዛሬ ግን የምጽፈው ስለ ሰው ጆሮ ነው።

ልጄ የላይኛውን ጆሮዋን ተበስታ መጣች። ታችኛውን ቢሆን እሺ፤ እሱንማ ገና ሕፃን ሳለች እናቷ አስበስታታለች። ይኼ ላይኛው ነው፣ ለስላሳ አጥንት ያለበት፣ ሲያጥፉት ተመልሶ ቀጥ የሚለው። የተበሳችው ቅዳሜ ነው። እኔ ያየሁት ዛሬ ቁርስ ላይ ፀጉሯን ወደ ኋላ ስታስር ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ፊቴ ስትመላለስ አላየሁም። ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሰች ብሎን ወለል ላይ ስትወድቅ ፈልጌ የማገኝ ሰውዬ!

«ጆሮሽን የመርፌ መሰኪያ አደረግሽው?» አልኳት። እሱስ ይሁን፣ ቀልድ ነው። ግን መች አበቃሁ። «እናትሽ ብትኖር ይኼን ታደርጊ ነበር?» አልኩ። ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሳች። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

እናቷ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆናት። በዚህ ቤት ስሟ አይነሳም፤ እኔ ስለማላነሳ። ዛሬ ባነሳ ባነሳ ለዱላ አነሳሁት።

ልጄ የመምህርነት ትምህርቷን ጨርሳ ሩቅ ከተማ ተመድባለች። ልትሄድ ሁለት ወር ቀርቷታል። በሁለት ወር ውስጥ ስድሳ ቁርስ አለ፤ አንዱን ዛሬ አበላሸሁት።

ማክሰኞ 5

ከሱቄ ጎን ያለው ፎቶ ኮፒ አንሺ፣ «ጆሮዋ እንዴት ሆነላት?» አለኝ። ቅዳሜ ዕለት ነው ያየው። ባለ ዳቦ ቤቷም አይታለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የልጄ ጆሮ ደግሞ ለአባቷ ባዳ ሆነ። «ዛሬ ጆሮ ነው፣ ነገ አፍንጫ፣ ዝም ካልካት ከነገ ወዲያ ቅንድብ ነው» ብሎ ተነበየልኝ። ይኼ ሰውዬ ከወረቀት ይልቅ ነገር ማባዛት ይቀናዋል።

ደንበኛ መጣ። ልጄ ዛሬም አላናገረችኝም። እኔም አላናገርኳትም። ትልቁ ሰው ማን ነው እንግዲህ?

ሐሙስ 7

ታላቅ እህቴ መጣች። ነገሩን ከዳቦ ቤት ሰምታ ነው። ገና ከበር ላይ፣ «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው!» እያለች ገባች። ልጄን አገጯን ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረቻትና ጆሮዋን አየች።

«ማን ያዞርልሻል?» አለቻት።

«ምኑን?»

«ጉትቻውን ነዋ! እኛ ልጆች ሆነን ክር ነበር የሚገባልን። እናታችን ጠዋት ጠዋት ክሩን ሳብ ዞር፣ ሳብ ዞር ታደርገው ነበር። ያልዞረ ከሥጋው ጋር ይጣበቃል።» ወደ እኔ ዞረች። «እኔ ስጮኽ አንተ አብረኸኝ ታለቅስ አልነበር? ረሳኸው?»

«አልረሳሁም እትዬ» አልኩ።

ልጄ አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ከዚያ እኔን አየችኝና ዘጋችው። «እሺ፣ ማን ያዞርልኛል ታዲያ?» አለች።

«እኔ ነኛ!» አልኩ። ሌላ ማን ሊሆን ነው? በዚህ ቤት የሚዞር ነገር ሁሉ የኔ ሥራ ነው።

ዓርብ 8

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እንደ ሁልጊዜው ከቤታችን ጋር በተያያዘው ሱቅ ያሉትን የግድግዳ ሰዓቶች ሞላሁ። አሥራ አንድ ናቸው፤ ስምንቱ የሰው፣ ሦስቱ የኔ። ከዚያ እጄን በአልኮል አጥቤ፣ ማጉያዬን ዓይኔ ላይ አድርጌ፣ ልጄን መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ጉትቻዋ ብረት ናት፤ ከፊት ክብ ራስ፣ ከኋላ ጠፍጣፋ መዝጊያ። ሩብ ዙር ወደ ቀኝ፣ ሩብ ዙር ወደ ግራ። ከንፈሯን ነከሰች።

ሕመሙን ላስረሳት ብዬ ወሬ ጀመርኩ። ሌላ ነገር አላውቅ፣ ስለ ሰዓት። ሦስተኛው ሰዓት ለምን በቀን አራት ደቂቃ እንደሚቀድም ነገርኳት። ሳቀች። «እንደ አክስቴ ነዋ፣ ሁሉም ቦታ ቀድማ የምትደርስ» አለች። እኔም ሳቅኩ። ቁርስ አብረን በላን።

ማክሰኞ 12

ዛሬም አዞርኩ። ዛሬ ደግሞ ወሬው ከየት እንደመጣ እንጃ፣ እናቷን እንዴት እንዳገኘኋት ነገርኳት። ነገርን ነገር ያነሳዋል።

ያኔ የዚህ ሱቅ ተቀጣሪ ነበርኩ። አንዲት ልጅ «ሰዓቴ ቆመብኝ» ብላ መጣች። ከፍቼ ብመረምረው ምንም አልሆነም፤ አልተሞላም እንጂ። ሞላሁላትና፣ «እመቤቴ፣ ይኼ በየቀኑ መሞላት አለበት» ብዬ መከርኳት። በሳምንቱ መጣች፤ ቆሟል። ሞላሁ፣ መከርኩ። በሌላው ሳምንት መጣች። አምስት ጊዜ! «እናትሽ ደግ ሴት ነበረች፤ ሰዓት መሙላት ግን እስከ መጨረሻው አልገባትም» አልኳት።

ልጄ በሳቅ ልትሞት ደረሰች። «አባዬ ሙት! አምስት ጊዜ?» ይኼን ያህል ምን እንዳሳቃት አልገባኝም። ዝም ብዬ ደስ አለኝ። ቀኑን ሙሉ ደስ እንዳለኝ ዋልኩ፤ የአንዲት ደንበኛን ሰዓት በነፃ ጠገንኩ።

የማወራው ሕመሙን ላስረሳት ነው እንግዲህ። ሌላ ምክንያት የለውም።

ቅዳሜ 16

ትንሽ አብጧል። እህቴ «ሲድን ያብጣል» ትላለች።

ልጄ ዛሬ ሱቅ መጥታ የውፍረት መለኪያዬን አነሳችና፣ «አባዬ፣ የአንድ ሎቲ እግር፣ ጆሮ ውስጥ የሚገባው፣ ስንት ሚሊ ይሆናል?» አለችኝ።

«እንደ ሎቲው ነው። ምነው?»

«እንዲሁ።» ከዚያ ታችኛውን መሳቢያ እያየች፣ «ይኼ ሁሌ ይቆለፋል?» አለች።

«አሮጌ የሰዓት ሞላና ጥርስ ነው ያለበት፤ ለሌባም አይሆን» አልኳት። ስትሄድ ሰዓት ቤት ልትከፍት ነው እንዴ ብዬ ቀለድኩባት። አልሳቀችም።

ረቡዕ 20

ጆሮዋ ቀልቷል። ይሞቃል። ሳዞረው ጠበቅ ይልብኛል፣ ዝገት እንደያዘው ብሎን። ዝገት የያዘ ብሎን ሳይሰበር ቶሎ ቶሎ ነው የሚላወሰው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ማታም አዞራለሁ።

«ያምሻል?» ስላት «ደህና ነኝ፣ ቀጥል፤ ስለ አያቴ ጋሪ እየነገርከኝ ነበር» ትላለች። ጎበዝ ልጅ ናት። ግን ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ዓርብ 22

ዛሬ መግል ወጣው። ሱቁን ክፍቱን ትቼ ወደ በሳቻት ሴትዮ ይዣት በረርኩ። ነርስ ናት፤ መድኃኒት ቤቱ አጠገብ ነጭ ጋዋን ለብሳ በአንዲት ክፍል ትሠራለች። ጆሮውን በእጅ ባትሪ አየችና ፊቷ ተለዋወጠ።

«ማን ነው የነካካው?»

«እኔ ነኝ» አለች ልጄ ፈጠን ብላ።

«እኔ ነኝ እንጂ» አልኩ። «ጠዋት ጠዋት አዞረዋለሁ። ሰሞኑን ማታም።»

ሴትዮዋ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ማጉያዬን ከግንባሬ ሳላወልቅ ነው የመጣሁት ለካ! «አባቴ» አለችኝ፣ «ይኼ ሰዓት አይደለም። ካልነኩት ራሱ ይሄዳል። በዞረ ቁጥር ሊድን ያለው ውስጡ እንደገና ይቀደዳል።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ብረቷን አውጥታ ለእብጠቱ የሚበቃ ረዘም ያለ ጉትቻ አደረገችላት፣ ወደ ሐኪም ላከችን፣ ሐኪሙ ኪኒን አዘዘ። ሴትዮዋ የነገረችን ይኼ ነው፦ በሦስት ሳምንት ውስጥ እብጠቱ ካልተመለሰ ጉትቻው ይወጣል። ከወጣ ቀዳዳው ይዘጋል፤ ጠባሳ ይሆናል፤ እዚያ ቦታ ላይ ዳግመኛ መበሳት የለም።

ልጄ ይኼን ስትሰማ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። «ይኼ ቀዳዳ ያስፈልገኛል» አለች። ሳዞረው ያላለቀሰች ልጅ! ለአንዲት ቁራጭ ብረት እንዲህ ይለቀሳል?

ማታ

ጥጥ ፍለጋ የመታጠቢያ ቤቱን መደርደሪያ ስከፍት አንድ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። ሴትዮዋ በበሳቻት ዕለት የሰጠቻት የጥንቃቄ ወረቀት ነው። በቀን ሁለት ጊዜ በጨው ውሃ ብቻ ይታጠብ። አልኮል አይነካው። በዚያ ጎን አትተኚ። ከዚያ በቀይ እስክሪብቶ፣ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት፦ አይዞር!

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያ ነበር። ነገ ልጆች ማንበብ የምታስተምር ልጅ፣ አንድ ገጽ ወረቀት ሳታነብ ቀረች? ረስታው ይሆናል። ወይም አክስቷን መቃወም ፈርታ ነው። አዎ፣ እሱ ነው፤ እህቴን የማይፈራ የለም።

ግን ዋናው ጥፋት የኔ ነው። የሰው ሰዓት ሲመጣልኝ ሳልመረምር አልነካም። የልጄን ጆሮ ግን እንዲያው ነካሁ። የራሷ ሲያርርባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ሰኞ 25

ሰዓቶቹን ሞላሁ። ልጄ እንደለመደችው መጥታ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ከዚያ ትዝ አላትና ተነሳች። ቁርስ በዝምታ።

እህቴን ነገርኳት። «እኔ ስለ ክር ነው የተናገርኩት! ብረት አዙር ያለህ ማን ነው?» ብላ እኔኑ ተቆጣችኝ።

ሐሙስ 28

ዛሬ የምነግራት ሁለት ነገር ነበረኝ። አንዱ ስለ አሥረኛው ሰዓት ነው፣ አንዱ እናቷ አንድ ቀን ዝናብ መቷት የገባች ዕለት ስላደረገችው። ግን እንዲሁ ከመሬት ተነስቶ እንዴት ይጀመራል? ጆሮዋን ይዤ ሳለሁ ቀላል ነበር። አሁን እጄን የት ላድርገው?

ስምንተኛውን ሰዓት ያለ ምክንያት ፈታሁት። ምንም አልነበረውም። መልሼ ገጠምኩት።

ረቡዕ 4

አዲስ ወር ገባ። መቅላቱ ቀነሰ! እኔ አልነካም፤ ከሩቅ ነው የማየው፣ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ። ልጄ «አባዬ፣ ጆሮዬን እንደ ዱቤ ደንበኛ አትየው» ትለኛለች።

ቅዳሜ 7

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ጭር ሲል መጣች። «አባዬ፣ ታችኛውን መሳቢያ ክፈትልኝ» አለች።

«ምን ልታደርጊ?»

«የእማዬ ሎቲ አለበት። ከሞላዎቹ ሥር፣ በቆርቆሮዋ። ከሁለት ዓመት በፊት ሳትቆልፈው ቀርተህ፣ ባትሪ ስፈልግ አይቼዋለሁ።»

ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ከፈትኩት። ሎቲዋ እንዳለች አለች፤ ትንሽ፣ ክብ፣ የወርቅ። አንድ ብቻ።

«ሌላዋስ?» አለች።

ነገርኳት። ለማንም ያልነገርኩትን። የሆስፒታሉ ነርስ የእናቷን ልብስ በፌስታል፣ ሎቲዋን በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። እቤት ስከፍተው አንድ ነው። ተመልሼ ልጠይቅ እችል ነበር፤ በር ላይ ደርሼ ተመለስኩ። ያንን ኮሪደር ዳግመኛ ማየት አልቻልኩም። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ብጠይቅ ይገኝ ነበር እያልኩ እኖራለሁ። ለልጄ ጥንድ ሆኖ ሊደርሳት የሚገባውን ጎዶሎ አደረግኩት። እሱን ነው የቆለፍኩት።

ልጄ ሎቲዋን መዳፏ ላይ አደረገች። «ታችኛው ጆሮ ሁለት ይፈልጋል» አለች። «ላይኛው ግን አንድ ብቻ ነው የሚፈልገው። ለዚህ ነው የተበሳሁት።»

አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች። ፎቶ ኮፒ አንሺው «ምነው፣ ሰላም?» እያለ አንገቱን ሲያስገባ፣ «ሰላም ነው፣ ሂድ ወዲያ!» ብለን ሁለታችንም ባንድ አፍ ጮኽንበት። ከዚያ ሳቅን።

ምን አልኳት ነበር ያን ዕለት? «እናትሽ ብትኖር።» ወይ እኔ!

ማክሰኞ 10

ሦስት ቀን ቀርቷል። ጠዋት ጠዋት ጨው ውሃውን ለብ አድርጌ አስቀምጥላታለሁ፤ ታጥባለች፤ እኔ ከበሩ አልፌ አልገባም። እባክህ አምላኬ፣ ይቺን ቀዳዳ ብቻ። አንድ ሎቲ አጥፍቻለሁ፣ ሁለተኛዋን ማረፊያ አላሳጣት።

ዓርብ 13

እሰይ! እሰይ!

ሴትዮዋ ባትሪዋን አብርታ፣ ከፊት አይታ፣ ከኋላ አይታ፣ «ተርፏል፤ ጉትቻው አይወጣም» አለች። ላቅፋት ምንም አልቀረኝም። ሎቲዋን አሳየናት። «እግሯ ቀጭን ናት፣ ለዚህ ወፈር ይላል የሚያስፈልገው። ደግሞም አሁን አይደለም፤ ዓመት ይጠብቁ» አለች።

ዓመት! ልጄ የምትሄደው በሃያ ቀን ነው። አድርጋት ስትሄድ ላያት ነበር ሐሳቤ። ቢሆንም ተርፏል፤ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

ማክሰኞ 17

ለሎቲዋ አዲስ እግር ሠራሁላት። ልኩን ለክቼ፣ ከወርቅ ሠሪው ወዳጄ ዘንግ አምጥቼ፣ በየድኩ፣ አለሰለስኩ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ልጄ ከሥራ ጠረጴዛዬ አጠገብ ተቀምጣ የትምህርት ዕቅድ ትጽፋለች። ብዙ አላወራንም። ግን ይኼኛው ዝምታ ያኛው አይደለም፤ ይኼኛው ይጣፍጣል።

ረቡዕ 2

ነገ ትሄዳለች። ሻንጣዋን ሦስት ጊዜ ልፈትሽላት አልኩ፣ ሦስት ጊዜ ከለከለችኝ። ሎቲዋን በቆርቆሮዋ ሰጠኋት። አልተቀበለችም።

«አንተ ጋ ትቆይ። ለእረፍት ስመጣ አንተ ታደርግልኛለህ። እጅህን ታጥበህ።»

እራት ላይ እንደ ምንም ብዬ፣ «ያ ወረቀት» አልኳት፣ «መደርደሪያው ላይ ያለው። አላነበብሽውም ነበር?»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «አንብቤዋለሁ።»

«መቼ?»

«የተበሳሁ ዕለት።»

«ታዲያ መዞር እንደሌለበት እያወቅሽ!»

«ሳልነግርህ ልቀር አልነበረም። በመጀመሪያው ቀን ልነግርህ ነበር። ግን ስታዞረው ታወራኝ ነበር አባዬ። ስድስት ዓመት አላወራኸኝም። አንድ ቀን ልጨምር፣ አንድ ቀን ልጨምር እያልኩ...»

«ሞኝ ነሽ እንዴ! ጆሮሽ ሊቆረጥ!» አልኩ። ድምፄ ግን የቁጣ አልነበረም።

«በእናቴ ወጥቼ ነዋ» አለች።

«እናትሽ ምን አደረገች?»

«አምስት ጊዜ!» እንደዚያን ቀን መሳቅ ጀመረች። «አንድ ሰው አምስት ሳምንት ሙሉ ሰዓት መሙላት አይገባውም ብለህ ነው? እውነት እስከ ዛሬ አልገባህም?»

አሁን ይኼን ስጽፍ ፊቴ ይግላል። ሃያ ሰባት ዓመት! እሷ በሕይወት ሳለች ለደንበኛ ሁሉ ስናገር ኖርኩ፣ ሚስቴ ሰዓት መሙላት አልገባትም እያልኩ። አጠገቤ ተቀምጣ ትሰማለች፤ ፈገግ ትላለች። ያልገባው ማን ነበር ታዲያ?

ሐሙስ 3

አውቶቡሱ ሁለት ሰዓት ተነሳ። ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራለች። ጆሮዋ ንጹሕ ነው። አቀፍኳት፣ በደህናው ጎን። «በዚያ ጎን አትተኚ» አልኳት። ሌላ የምለው ነበር፣ ግን ሰው በዛ።

ዓርብ 4

ሰዓቶቹን ሞላሁ። አሥራ አንድ። መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ባዶ ነው።

ስልኬን አነሳሁ። አስቀመጥኩ። ምን ብዬ ልደውል? ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ያለ ጉዳይ ሰው ላይ ይደወላል? ማጉያዬን ወለወልኩ። የተወለወለ ነው። እንደገና ስልኩን አነሳሁ።

ገና አንዴ ሳይጠራ አነሳችው።

«ጆሮዬ ደህና ነው አባዬ» አለች፣ ሃሎ እንኳ ሳልል። «አላበጠም፣ በደህናው ጎን ነው የተኛሁት፣ በጨው ውሃ...»

«ስለ ጆሮሽ አይደለም የደወልኩት» አልኳት።

«ታዲያ?» አለች።

«እናትሽ አንድ ቀን ዝናብ መቷት ስትገባ ያደረገችውን ነግሬሽ አላውቅም» አልኩ፣ ወንበሩንም ስቤ ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያው ደንበኛ መጥቶ መስታወቱን ቢያንኳኳ፣ ቆይ ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠሁት።